ያላደረስሁት ውኃ

ዛሬ በልቤ ደብቄ የኖርሁትን ነገር ላጫውታችሁ።

እናቴ ስታርፍ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ታማ ሳለች አንድ ቀን ውኃ እንድቀዳላት ልካኝ ጨዋታ ይዞኝ አመሸሁ። ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈች። እኔም «እግዚአብሔር የወሰደብኝ ስላልታዘዝሁ ነው» ብዬ አሰብሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም ነበር፤ እግዚአብሔርን ፈራሁት።

የኔታ ግን አዩኝ። አጠገባቸው አስቀምጠው ሲጠይቁኝ እያለቀስሁ ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 9 ገልጠው ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው አነበቡልኝ። ደቀ መዛሙርቱ ይህ የደረሰበት በማን ኃጢአት እንደ ሆነ ጠየቁ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት አለመሆኑን ነገራቸው፤ ሰውየውንም ፈወሰው።

ቀጥለው ወደ ምዕራፍ 11 ተሻገሩ። አልዓዛር ከተቀበረ 4 ቀን ሆኖታል። ጌታችን የመጣው ሊያስነሣው ነው። ሆኖም እኅቱ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ እርሱም አነባ። (ቤታችሁ ስትገቡ አንብቡት፤ እኔ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት!)

«የኔታ፣ እንደሚያስነሣው እያወቀ ለምን አለቀሰ?» አልኋቸው።

«ስለሚወዳቸው ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

እናቴ እንደ አልዓዛር ወዲያው አልተነሣችም፤ እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች። በዚያ እሑድ ግን ደጀ ሰላሙን አልፌ ገባሁ፤ ስለ ውኃውም ለእግዚአብሔር ነገርሁት።