ጉደርን ፍለጋ ሄደን ጊንጪ ላይ ተጣላን

እናንተዬ! «የፍቅረኞች ሽርሽር» ሲባል ላንጋኖና ሶደሬ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ እንደናንተው ነበርኩ። ነገሩን ያመጣችው እሷ ናት። አንድ ምሽት በስልኳ ላይ የፈረንሳይ ባልና ሚስት ቦርዶ በሚባለው የወይን አገር ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ወይን ሲቀምሱ አየች። ብርጭቆዋን ከእግሯ ይይዟታል፤ ያሸታሉ፤ አፋቸው ውስጥ ያገላብጡትና... ባልዲ ውስጥ እንትፍ!

«ይተፉታል እንዴ?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ።

«ቀማሽ ነዋ! ሁሉን ቢውጡት በሦስተኛው እርሻ ማን መኪና ይነዳል?» አልኳት እንደ አዋቂ። ለነገሩ እኔም ያወቅኩት ከፊልም ነው።

እሷ ትንሽ ዝም አለችና «እኛስ ጉደር አለን አይደል?» አለች።

እውነት ነው፤ አለን። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መንገድ ስትይዙ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ እያላችሁ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል አልፋችሁ ጉደር ከተማ ትደርሳላችሁ። ሁላችንም በልደትና በሠርግ ቤት ያየነው ቀይ ወይን ጠርሙሱ ላይ የለጠፈው የዚህችን ከተማ ስም ነው። ታዲያ ቦርዶ ለፈረንሳይ፣ ጉደር ለእኛ! ሂሳቡ ቀላል መሰለን። ከሩቁ ጀምረን እየቀመስን ልንመለስ ተስማማን። ቅዳሜ ጉደር፣ አዳር አምቦ፣ እሑድ ጊንጪ ምሳ በልተን ወደ ቤት።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠች። «በአንድ ከተማ ከአንድ በላይ ከጠጣህ ጥዬህ ነው የምመጣው።» እየሳቀች ነው ያለችው። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ ነዋ! እንዲህ ያለውን ሳቅ ወንዶች ልብ በሉት፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቀን (እናንተም ሳትጠይቁ አትነሱ፤ በዚህ ጊዜ ይህን መዝለል ጉብዝና አይደለም) በሚኒባስ ወጣን። ኅዳር የጤፍ አጨዳ ወር ነው። ከሆለታ ወዲያ ሜዳው ወርቅ የተነጠፈበት ይመስላል። ጊንጪ አካባቢ መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ የሚያስቀር፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቅ። ጤፉና ሽምብራው ግን የሚያምረው እዚያ ላይ ነው። እሷ ጊንጪን ስናልፍ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ተወልዳ እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማረችው እዚያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ጉደር ደረስን። ፏፏቴው ከከተማዋ ወጣ እንዳላችሁ ነው። ክረምቱ ከወጣ ብዙ ስላልቆየ ውኃው ገና ጉልበት አለው፤ እዚያ የሚወድቀው ወንዝ ዞሮ ዞሮ ዓባይን ነው የሚገባው። ፎቶ ተነሳን፤ ረጠብን፤ ደስ አለን። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳያችን። አንድ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ጠርተን «ወይን የሚያስቀምሱበት የት ነው?» ብንለው ቀጥ አድርጎ አንዲት ግሮሰሪ አሳየን። ገባን። ባለ ግሮሰሪው አንድ ጠርሙስ ጉደር አወጣና አቧራውን ጠርጎ አስቀመጠ።

«የት ነው የሚጠመቀው? ማየት ይቻላል?» አልኩት።

«አዲስ አበባ!» አለኝ፤ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው እኮ። እኛም በመኪና ነው የሚመጣልን።»

በቃ! ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው ከሰፈራችን የመጣ ጠርሙስ ፍለጋ ነው። ለጎብኚ በሩን ከፍቶ ወይን የሚያስቀምስ ቤት ጉደር ላይ ፈልገን አላገኘንም። እሷ እስክታነባ ሳቀች። ጠርሙሱን ግን ገዛችው፤ «ትውልድ አገሩን ያየ ብቸኛው ጉደር ይሁን» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በነገራችን ላይ የወይን ተክል በረድፍ በረድፍ ተሰልፎ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ አቅጣጫችሁ ወደ ደቡብ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ እርሻ አልምቶ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አውጥቷል። እኛ ግን ምዕራብ ነን፤ ምዕራብ ደግሞ ሌላ ነገር አለው።

አምቦ ያደርንበትን አላረዝመውም። ከአንዱ ሐኪም ቤት ወረፋ የማይተናነስ ወረፋ ጠብቀን ፍል ውኃው መዋኛ ገባን። (ስለ አልጋው አትጠይቁኝ፤ ሁለት ክፍል ነው የያዝነው፤ እናቷ ጋዜጣ ያነባሉ።) አምቦ ውኃ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ ይታሸጋል፤ ከተማዋ ውስጥ ስትጠጡት ግን የራሷ ጉራ አለው። ማታ አንድ ብርጭቆ ወይን በአምቦ ውኃ አቅጥኜ ጠጣሁ። ከጎናችን የነበሩት ልጆች ጉደራቸውን በኮካ ይቀላቅላሉ። ፈረንሳዮቹ ይህን ቢያዩ ራሳቸውን ይስታሉ፤ እኔ ግን በአፍ አልፈርድም። አንድ ብርጭቆ፤ አንድ ከተማ። ቃሌን ጠበቅኩ።

እሑድ ጊንጪ ገባን። ብዙዎቻችን ይህችን ከተማ የሰማናት ተማሪዎቿ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ለተቃውሞ ሲወጡ ነው፤ ካስነሷቸው ጉዳዮች አንዱ አጠገባቸው ያለው የጭሊሞ ደን ነበር። ዛሬም ከዋናው መንገድ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ብታዩ ተራራው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሌላ ጊዜ ደኑን እናያለን ተባባልን። ሆዳችን ጮኋል። ጥብስ በላን። ከዚያ «ቅምሻው ገና ነው» አልኩና አንድ ጠጅ ቤት ጠይቀን ከአስፋልቱ ገባ ባለ መንደር ውስጥ አገኘን።

አሁን አስቡት፤ እኛ ወይን ወይን እያልን ስንባዝን በአማርኛችን ወይኑ ራሱ «የወይን ጠጅ» አይደለም እንዴ? ጠጁ ነው አባት፤ ወይኑ ዘግይቶ ስሙን የተዋሰ ልጅ ነው። ከአገራችን ማርም አብዛኛው የሚገባው ጠጅ ጋን ውስጥ ነው።

የቤቱ እመቤት ሃምሳ ዓመት የሚያልፋቸው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ናቸው። እሷ «አካም ጅርቱ» ስትላቸው ፊታቸው በራ። ከዚያ በኦሮምኛ ምን እንደተባባሉ እንጃ፤ ብቻ «ዳዲ» የምትለዋን ቃል ለየሁ፤ ጠጅ ማለት ናት። ብርሌ ይዘው መጡና ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው እሳቸው ቀመሱ። ያኔ ነው የገባኝ! ቦርዶ ድረስ በስልክ የሄድንለት «ቀማሽ» የሚባለው ሰውዬ እዚህ ድሮም ነበረ። ልዩነቱ የኛው አይተፋም፤ «ንጹሕ ነው፤ እኔ ቀድሜ ጠጥቼዋለሁ» ብሎ ለእንግዳው ይመሰክራል።

እሷ ብርዝ አዘዘች። እኔ ለስላሳውን ጠጅ። እማማም እንደ እንግዳ ተቀባይ አስተማሪ አሠራሩን አስረዱን። ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ማር አንድ፣ ውኃ ሦስት ተለክቶ ይበጠበጣል፤ ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ይቀመጣል፤ ሰፈፉ ይገፈፋል። ከዚያ የጌሾ እንጨት ይገባል፤ ምሬቱና ጉልበቱ ከእሱ ነው። «ቆላ ቢሆን ቶሎ ይደርሳል፤ የኛ አገር ብርድ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ካልታገሡት ጠጅ አይሆንም» አሉ። ስኳር ስለሚጨምሩት ጠጅ ቤቶች ስንጠይቃቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። «የማሩ ሲያድር ይቀልላል፤ የስኳሩ ሲያድር ራስ ይዞ ይነሳል።»

የመጀመሪያው ብርሌ አለቀ። ምን ልበላችሁ... ማር ማር ይላል፤ ጭሱ ከኋላ ይመጣል። ታዲያ እማማ «ደረቁን ሳትቀምስ ጠጅ ቀመስኩ አትበል» አሉኝ። ቅምሻ አይደል የመጣነው? ሁለተኛው ብርሌ። ይህኛው ጣፋጭነት የለውም፤ ጌሾው ምላስ ይይዛል፤ አለሳልሶ ነው የሚመታው። የወይን ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ መጠን ተጽፏል፤ ብርሌ ላይ ማን ይጽፋል? እሷ ብርዟን ይዛ ታየኛለች። እኔ አላየኋትም። ከማዶው አግዳሚ የተቀመጡ አንድ ሰው «ለእንግዳው በኔ» ብለው ሦስተኛውን አዘዙልኝ። እንግዳ ሆኖ እምቢ ማለት ነውር ነው አልኩና ለራሴ ፈረድኩለት። ብርሌውን ከፍ አድርጌ አመሰገንኩ። ዞር ስል ቦታዋ ባዶ ነው። ብርዙ ግማሽ ነው።

«ወጣች እኮ» አሉኝ እማማ ቀስ ብለው።

አስፋልቱ ዳር ቆማ አገኘኋት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። «በቀልድ ነው የመሰለኝ» አልኳት። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

«ስድስት ዓመቴ እያለ» አለች መንገዱን እያየች፣ «ማታ ማታ አባቴን ከጠጅ ቤት ጥሪው ተብዬ እላክ ነበር። 'ይህቺን ብርሌ ጨርሼ' ይለኛል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ብርሌ መቁጠር የለመድኩት ያኔ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከሦስት በኋላ እኔን አያውቀኝም።»

እኔ ደግሞ፣ አፍ ሲሳሳት እንዲህ ነው፣ «እኔ እኮ አባትሽ አይደለሁም» አልኳት።

«እሱም እንደዚያ ነበር የሚለው። እናቴ ስትቆጣው 'እኔ እንደ እገሌ አይደለሁም' ይላታል።»

መልስ አልነበረኝም። ቆመን ሳለ አንዲት ትንሽ ልጅ ከመንደሩ እየሮጠች መጣች፤ ከእማማ የገዛነውን ማር እኔ አግዳሚው ላይ ረስቼው ኖሮ ይዛልን ነው። እሷ ጎንበስ ብላ ማሩን ተቀበለቻት፤ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጅቷም በጣቶቿ ሰባት አሳየቻት። ከዚያ ሚኒባስ መጣ።

እስከ አዲስ ዓለም አልተነጋገርንም። ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚያ ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር ይባላል፤ ስሟም ከዚያ ነው፤ ቤተ መንግሥት ሊሆን የታሰበው ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ማርያም። ይህን ለጭውውት አመጣሁት፤ መልስ አላገኘሁም። ሆለታ ስንደርስ፣ የንብ ምርምር ማዕከሉ ያለባት ከተማ ናት፣ ጭኗ ላይ ያለውን ማር እያየች «ለሻይ ነው የምንጠቀመው» አለች። «የምንጠቀመው» ማለቷን ልብ አልኩ። ተነፈስኩ።

ለምትሄዱ ጥንዶች ከኪሴ የወጣ ምክር ልስጣችሁ። ጠጅ ቤት ሳትበሉ አትግቡ። «ግማሽ ይቀዳልኝ፤ ቅምሻ ነው» ማለት ነውር የለውም፤ አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ እማማዎቹ ይረዷችኋል፤ ተቀድቶ ከመጣ በኋላ መተው ግን «ጠጄ ምን ሆነ?» ያሰኛል። ሰው ሲጋብዛችሁ ብርዝ ጠይቁ፤ ግብዣውም አይሰበርም፣ እግራችሁም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባልና ጥብሱን ለሚሹ ቀኑን ያስሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አብራችሁ የምትሄደውን ልጅ፣ ወይም የምትሄጂውን ልጅ፣ ከመንገዱ በፊት ጠይቁ፦ በቤታችሁ ማን ይጠጣ ነበር? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም። ተራራውን፣ ፏፏቴውን፣ የጠርሙሱን አድራሻ ሁሉ ስጠይቅ ያንን አልጠየቅኩም።

ከመጣን ወዲህ ሁለት ነገር ተስማምተናል። እኔ ስጠጣ ስንት እንደጠጣሁ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። እሷ ደግሞ ስትፈራ ወጥታ ከመሄዷ በፊት ትነግረኛለች። ሁለተኛው ለእሷ ከብዷታል፤ ደጃፍ ላይ መቀመጥ ነው የለመደችው። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ «ሁለት ቢራ» ብዬ ደወልኩላት። ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እሺ» አለች። ያቺን «እሺ» በብዙ ነገር አልለውጣትም።

ጉደሩ እስካሁን አልተከፈተም፤ ቁምሳጥኗ ላይ ተቀምጧል። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቴ ስንት ጋን ጠጅ እንደሚጣል ሽማግሌ ልካ ስታስጠይቅ እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ግማሹ ብርዝ ይሁን።» እናቴ ይህን ከሰማች ሳምንት ሆናት፤ እስካሁን መልስ አልላከችም።