ክው ብሎ የቀረ ገላ

መርዶ ተነግሯት እንባ ጠብ ያላላትን ሴት ሰው ወይ «ጠንካራ ናት» ይላታል፣ ወይ ከኋላዋ «ጨካኝ» ብሎ ያማታል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ሁለቱንም ተብያለሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ፣ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፣ ሰልስቱ እንዳለፈ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ምግቡ ጣዕም የለው፣ ዘፈኑ ለዛ የለው። ልጄ እየሳቀች ወደ እኔ ስትሮጥ ይህ ደስ የሚል ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደስ ግን አይለኝም።

ሰውነት አደጋ ሲመጣበት ወይ ይታገላል ወይ ይሸሻል። ሁለቱም አልሆን ሲለው ክው ብሎ ይቀራል። ለአፍታ ሲሆን ያድናል። ሲከርም ግን ሐዘኑን ብቻ መርጦ አያደነዝዝም፤ ሳቁንም፣ ረሃቡንም፣ ፍቅሩንም አብሮ ይወስዳል።

አሜሪካዊው ፒተር ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ የዱር እንስሳት ከአዳኝ ካመለጡ በኋላ ድንጋጤው እንዴት እንደሚለቃቸው አይቶ ለሰው የሚሆን ሕክምና አቀረበ፤ ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ ይሉታል። በዚህ መንገድ የምትሠራ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ስለ አባቴ ትጠይቀኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «እግርሽ ወለሉን ሲነካ ይታወቅሻል?» አለችኝ። ለዚህ ነው እንዴ ብር የከፈልኩት! ደግሞስ አልታወቀኝም። ተረከዜ እዚያው ነው፣ ጫማው ውስጥ፤ ከእኔ ጋር ግን አይደለም። ቀስ ብሎ የግራ እጄ ቅዝቃዜ ታወቀኝ፣ ከዚያ የወንበሩ መደገፊያ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ የተጫነው ነገር። እሱ ላይ ስደርስ አላስገባችኝም፤ ወደ ወንበሩ መለሰችኝ። ትንሽ ወደ ከበደው፣ ትንሽ ወደሚያሳርፈው። በአንዴ ከተገባበት ገላ ተመልሶ ይዘጋልና።

ነገሩ አስማት አይደለም። የልብ ምትንና የሆድን ስሜት የሚያዳምጠው ኢንሱላ የሚባል የአንጎል ክፍል ለስሜቶቻችንም ትልቅ ድርሻ አለው።

መጀመሪያ የተመለሰልኝ እንባ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ገፍቶኝ ያለፈውን ሰውዬ ጮህኩበት፣ ቀኑን ሙሉም ደስ ሲለኝ ዋለ። ለቅሶው ብዙ ቆይቶ መጣ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፤ ሽንኩርቱን አመካኘሁ።

ሐዘን በገላ በኩል እንደሚወጣ የድሮው ለቅሶ ያውቅ ነበር እላለሁ። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሐዘንተኛው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይጮሃል፣ ሰው ደግፎ ይይዘዋል። ፊት መንጨቱ ቀረ፣ እሰየው። አሁን ግን ድንኳን ውስጥ እንኳ ስልካችንን እያየን ነው የምንቀመጠው።

ይህን ሕክምና ለሁሉ ፈውስ ነው ብዬ አላሻሽጥም፤ ጥናቱ ገና ጥቂት ነው፣ ባለሙያውም እንደ ልብ አይገኝም። መደንዘዝ የድብርት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያመጡታል። ስለዚህ ሳምንታት ካለፉና ምንም ካልተሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ መድኃኒት የምትወስዱም ብትሆኑ በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ።