እማዬ ኪኒኗን ጾመች

ባለፈው ሰሞን እማዬ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተቀጠረች። እንቅርቱ ሆርሞን የሚያበዛ ዓይነት ስለሆነ ልቧ ዝም ብሎ ይሮጣል፤ ሆርሞኑን በመድኃኒት ሲያስተካክሉላት ለልቧ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን ለወራት ስትውጥ ከርማለች። በዋዜማው «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብም ውኃም የለም» አሉን። ለእማዬ ጾም ማን ያስተምራታል! በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ሴትዮ ናት። ኪኒኑንም አብራ ጾመችው።

ጠዋት የሰመመን ባለሙያው (ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው) አንጓዋን ይዞ፣ «እናቴ፣ የጠዋቱን ኪኒን ወስደዋል?» አላት።

«ኧረ ልጄ፣ አትቅመሽ አላላችሁም?»

ልቧ በደቂቃ 118 ይመታ ነበር።

እኔ መቼስ አላርፍም፤ «ታስተኟት የለ እንዴ? የተኛ ሰው ልብ ምን ያስጨንቃል?» አልኩት። ለካ ሰው ተኛ ማለት ነርቮቹ ተኙ ማለት አይደለም። የመተንፈሻውን ቱቦ ለማስገባት ላሪንጎስኮፕ በሚባል መብራት ባለው መሣሪያ የምላስን ሥር ሲያነሡ፣ ሰውነት ሌባ የገባበት ቤት ይሆናል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣሉ። ጤነኛ ሰው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፤ ልቡ የታመመ ሰው ላይ ግን እነዚያ ደቂቃዎች ብዙ ናቸው። (ሕፃናት ላይ ተገላቢጦሽ ሆኖ ልብ ሊዘገይ ይችላል፤ ለዚያ አትሮፒን ያዘጋጃሉ።)

ስለዚህ አስቀድመው ልጓም ያስገቡለታል። ፌንታኒል ቱቦው ከመግባቱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ በደም ሥር ይሰጣል። ሊዶኬይንም አለ፤ አዎ፣ ያ ጥርስ ሲነቀል የሚያደነዝዘን! እሱ በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ተሰልቶ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ይገባል። የገረመኝ ሰዓቱ ነው፤ ቢዘገይ ቱቦው ይቀድመዋል። ደግሞ የእጅ ፍጥነትም መድኃኒት ነው አለኝ። 15 ሰከንድ ሳይሞላ ቢጨርሱ ይመረጣል።

የእማዬ ኪኒን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለ ኪኒን ለወራት ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት ከቀረ ልብ ይፈረጥጣል። በዚያ ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ነበረባት። ማንም አልነገረንም። እኔም አልጠየቅሁም። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ካልጨመርኩ ብዬ ማይክ የምቀማው ልጅ፣ «ኪኒኑስ?» ማለት አቃተኝ።

ተራዋን ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ አወረዱት። «ጾሜን አስፈታችሁኝ» እያለች፣ እያማተበች ዋጠችው። ከሦስት ሰዓት በኋላ 84። ልጁ ቁጥሩን አየና አልጋዋን መግፋት ጀመረ፤ እኔ አሁንም አንድ ጥያቄ ይዤ እከተላለሁ።

«ተይው እንግዲህ፣ ሥራውን ይሥራበት» አለችኝና ገባች።

ማታ ስትነቃ የመጀመሪያ ንግግሯ «ጉሮሮዬን ከረከረኝ» ነበር። ከቱቦው ነው።