ልብስና ላብ

በመምህርነት ወደ ማንኩሽ በተዛወርሁበት ዓመት ከመጻሕፍቴ ጋር ይዤው የሄድሁት ዕቃ ቢኖር አንድ ነጭ፣ ወፍራም የጥጥ ልብስ ነበር። ይኸውም አዲስ አበባ ሳለሁ የጁጂትሱን ትግል የተማርሁበት ዩኒፎርሜ ነው።

ልብሱ የራሱ ታሪክ አለው። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ የጥንቱን ጁጂትሱ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1882 የኮዶካንን የጁዶ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከዚያው የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ ጥበቡን ብራዚል አደረሰ፤ የግሬሲ ቤተሰብም ተቀብሎ የምድር ትግሉን አዳበረው። በዚህ ሥልት ኮሌታና እጅጌ መያዣ ናቸው፤ ደካማው ብርቱውን በኮሌታው ጨብጦ ያዘገየዋል፤ በገዛ ልብሱም ያንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 አቡዳቢ ላይ የተጀመረው ውድድር ደግሞ ያለ ዩኒፎርም መታገልን ዝነኛ አደረገ። በዚህኛው መያዣው እንደ አንገት፣ ብብትና የእጅ አንጓ ያለው ገላ ነው፤ ላብ ያሟልጫል፤ የዘገየ ያመልጠዋል። በሁለቱም ግን ተያዡ በመዳፉ መታ መታ ካደረገ «በቃኝ» ማለቱ ነውና ያዡ ወዲያው ይለቃል።

በማንኩሽ የልምምድ ጓደኛዬ በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ እየታገለ ያደገ የጉሙዝ ወጣት ነበር። ልብሱን ባየ ጊዜ ስቆ፣ «መምህር፣ በጉባ ሐሩር ይህን ለለበሰ ሰው ተጋጣሚ ምን ያደርግለታል? ፀሐዩ ራሱ ይጥለዋል» አለኝ። እውነት ነበረውና ልብሱን ሰቅዬ ያለ እርሱ ገጠምነው። ሳምንታት ሙሉ ከእጄ እንደ ዓሣ እያመለጠ አሳፈረኝ።

በግንቦት አንድ ምሽት ክንዱን አገኘሁ። እንዳያመልጠኝ ሰግቼ በድንገት ሳብሁት፤ መዳፉ መታ ያደረገኝ ክርኑ ከተጎዳ በኋላ ነበር። ወቅቱ የማሽላው ማሳ የሚመነጠርበት ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ አባቱ ቤት ሄድሁ። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ ‘በቃኝ’ ሲልህ አልሰማህምን?» አሉኝ። «ሰማሁ፤ እጄ ግን ቀደመኝ» አልሁ። በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች በልጁ ፈንታ መጥረቢያ ይዤ ማሳቸው ውስጥ ዋልሁ።

በዚያ ማሳ ውስጥ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ታጋሽ ተማሪ እባል ነበር፤ እኔም አምኜው ኖሬአለሁ። ለካስ ትዕግሥቱ የእኔ ሳይሆን የልብሱ ኖሯል! ሸካራው ጨርቅ ተጋጣሚዬን ስለሚይዝልኝ ለማሰብም፣ ለመልቀቅም ጊዜ ነበረኝ። ጨርቁ ሲወልቅ ስስቴ ዕርቃኑን ወጣ።

ክርኑ ሲሽር ወጣቱ ራሱ መጥቶ፣ «መምህር፣ ያን ልብስ አምጣው» አለኝ። ያለን አንድ ብቻ ስለ ሆነ በየተራ ለበስነው፤ መያዝንና መልቀቅንም ቀስ ብለን እንደገና ተማርን። ከዚያም መልሰን ሰቀልነው። እስከ ዛሬ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ተብዬ ስጠየቅ ለማበላለጥ እቸገራለሁ። አንዱ መልቀቅን ያስተምራል፤ ሌላው መማር አለመማራችንን ይፈትናል።