ቅቤው ከራስ ወደ ሆድ

ቆረቆር ይዞዎት ያውቃልን? ይዞዎት ከሆነ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ «ባርኔጣ አውልቅ!» ሲባል የሚሰማውን ኀፍረት ልነግርዎ አያስፈልግም። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ራሴ በቆረቆር ተበላ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ትቀባኝ ነበር፤ በሽታው ግን ቅቤውን ለምዶ ተደላድሎ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ከአንድ ክሊኒክ ግሪዚዮፉልቪን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። እናቴ መድኃኒትን የምታውቀው በኮሶ ነውና፣ ክኒኑንም እንደ ኮሶ ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ በውኃ ታስውጠኝ ጀመር። አንድ ወር ሙሉ ዋጥሁ፤ ለውጥ የለም። ክኒኑን የሰጠን ሰው እንዴት እንደሚወሰድ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር፤ ይህ ዛሬም ያናድደኛል። ኋላ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር አገኘንና፣ «እመቤት፣ ይህ ክኒን ከውኃ ጋር አይስማማም። ቅቤውን ከልጁ ራስ ላይ አንሥተው ወደ ሆዱ ያግቡለት» አሏት። እናቴ ሳቀች፤ ግን አደረገችው። ከሁለት ወር በኋላ ዳንሁ።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ፈንገስን የሚያጠፉ ብዙ መድኃኒቶች በውኃ አይሟሙም፤ ስለዚህ የተዋጠው ክኒን ከፊሉ ሳይሟሟ በአንጀት አልፎ ይወጣል። ቅባት ሲበላ ግን ሐሞት ይፈስሳል፤ እርሱም ቅባቱንና መድኃኒቱን አብሮ አድቅቆ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል።

አሌክ ባንገም የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ በካምብሪጅ አጠገብ በባብረሃም ሲመራመር አንድ ነገር አየ። ከእንቁላል አስኳል የሚወጣው ሌሲቲን የተባለ ቅባት ውኃ ሲያገኝ ራሱን በራሱ ጠቅልሎ ደቃቅ ከረጢት ይሆናል። ሊፖሶም ይሉታል። በኋላ ሌሎች በዚህ ከረጢት አምፎቴሪሲን ቢን ጫኑበት። ይህ መድኃኒት ኀይለኛ ነው፤ ነገር ግን ታማሚውን ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሺሕኛ እጅ በሚያንስ ከረጢት ታሽጎ በደም ሥር ሲሰጥ ግን ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። በ2022 የዓለም የጤና ድርጅት፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን የሚገድለውን የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ለማከም፣ ከሚዋጡ ሁለት መድኃኒቶች ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ ብሎ መከረ፤ ልኩም ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ነው። ዋጋው ከተራው እጅግ መክበዱ ያሳዝናል።

እናቴ ይህን ሁሉ ሳጫውታት፣ «እንግዲህ እነርሱም ቅቤ ቀቡት በለኛ!» አለችኝ። ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለችው ባዶ ቦታ ግን እስከ ዛሬ ፀጉር አላበቀለችም፤ አዲስ ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ምን መታህ እያለ ይጠይቀኛል።