ከሶማሌ ተራ እስከ ሰመራ፦ አሮጌዋን ፒካፕ ለአዋሽ ሸለቆ ማዘጋጀት

በግቢዎ ጥግ አቧራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ፒካፕ ካለች ብቻዎን አይደሉም። አባት ጤፍ ከገጠር ያመጡባት፣ ልጆች መንዳት የተለማመዱባት፣ ለሠርጉም ለለቅሶውም ድንኳንና ወንበር የተጫነባት ደብል ጋቢና በብዙ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ አለች። «ትሸጥ ወይስ ትጠገን?» የሚለው ክርክርም በየዓመቱ የቦሎ ሰሞን ይነሳል።

ክርክሩ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልኩን ቀይሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ግቢ የቆመችው መኪና እንደ ቀድሞው በቀላሉ ሸጠው የሚተኳት አይደለችም። ብዙ ቤተሰብ የመረጠው መንገድ ከሌላ መኪና በተፈታ ዕቃ አድሶ መያዝን ነው።

ግን ጥገናው እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ከቦሌ ሳሪስ እየተመላለሱ አያውቁትም። አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ የሞተርን ጉድ ትሸፍናለች። ቁርጡ የሚታወቀው ከከተማችን ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ተነስተው ከ450 ሜትር በታች ወደምትገኘው ሰመራ ወርደው ሲመለሱ ነው። በዚህ ወር የምንጋብዝዎ ጉዞ ይኸው ነው። እግረ መንገድዎን ከአገራችን እጅግ አስደናቂ ሸለቆዎች አንዱን ለቤተሰብዎ ያሳያሉ።

ጉዞው የሚጀምረው ሶማሌ ተራ ነው

ከመርካቶ እምብዛም ሳይርቅ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ለመኪና ባለቤት ሌላ ዓለም ነው። በር ለብቻው፣ ኮፈን ለብቻው፣ ባውዛ ለብቻው ተደርድሮ ይጠብቅዎታል። ለዕቃ ተብሎ የተፈታ መኪና እዚህ ዳግም ሕይወት ያገኛል። ቋንቋውም የራሱ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ስፖንዳ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፤ ጣሊያን አገሩ ከገባ በኋላም የጋራዡ አማርኛ ከነቃሉ ቀርቷል።

ወደዚያ ሲሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ። አንደኛው የሚያምኑት መካኒክ ነው። ሁለተኛው አሮጌው ዕቃ ራሱ ነው፤ «የሃይሉክስ ዲናሞ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለምሳሌ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል እና ፋይቭ ኤል የሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ብዙ ነገራቸው ይመሳሰላል፣ ሁሉም ግን አይገጥምም። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የብሎን ቀዳዳውን መቁጠር ከብዙ ምልልስ ያድናል። ሦስተኛው ሊብሬዎ ነው። ሞተር የሚቀይሩ ከሆነ የሚገዙት ሞተር ቁጥሩ ያልተፋቀ፣ የሽያጭ ሰነድ ያለው መሆን አለበት፤ የአዲሱ ሞተር ቁጥርም በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሊብሬው ላይ መስፈር ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ የቤተሰብ ጉዞዎ ኬላ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ከዋጋው በታች የሚቀርብልዎ ስፖኪዮ ወይም ባውዛ ትናንት ማታ ከጎረቤትዎ መኪና ላይ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደወጣ የማይናገር ሻጭ ካጋጠመዎ ይለፉት። ርካሽ ዕቃ የሚገዛ ሰው እስካለ ሌባውም አለ።

ከተፈታ መኪና የሚወሰድና የማይወሰድ

ቤተሰብ ለምትጭን መኪና ደንቡ ቀላል ነው። ብረት የሆነና በዓይን ታይቶ የሚለካ ነገር ካገለገለ መኪና ቢመጣ ችግር የለውም፤ ጎማ፣ ሸራና ላስቲክ የሆነው ግን አዲስ ይሁን።

በር፣ ኮፈን፣ ስፖንዳ፣ ወንበር፣ መስታወት፣ ባውዛ፣ ዳሽቦርድ ያለ ስጋት ይወሰዳሉ። ካምቢዮና ዲፈረንሻልም ዘይታቸው ተቀድቶ የብረት ቅንጣት አለመኖሩ ከታየ ጥሩ ግዢ ናቸው። መኪናዋ በአራቱም እግር የምትሄድ ከሆነ ግን የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል የጥርስ ምጣኔ እኩል መሆን አለበት። አንዱ 41 ለ10 ሆኖ ሌላው 43 ለ10 ከሆነ አራቱም ጎማ ደረቅ መሬት ላይ ሲገባ እርስ በርሱ ይጓተታል፤ ውድ የሆነውን ክፍል ይሰብራል። ቴስታታ ከገዙ ሳይገጠም በፊት ቶርኖ ቤት ገብቶ ስንጥቅ እንደሌለውና ፊቱ እንዳልጎበጠ ይረጋገጥ። ራዲያተር ደግሞ ታጥቦ በግፊት ይፈተሽ።

የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ላስቲኮች፣ የመሪ ቴስቲና፣ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ ጓርኒሲዮን እና ጎማ ከተፈታ መኪና አይወሰዱም። ከላይ ያነሳናቸው የቶዮታ ሞተሮች የውስጥ ቺንጊያ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ የተጓዘውን የሚያውቅ ሰው ስለማይኖር ከመግጠምዎ በፊት ቺንጊያውን አዲስ ማድረግ ከሁሉም ይረክሳል። ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 3221 ካለ በ2021 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ያረጀ ጎማ በአፋር አስፋልት ሙቀት ሲፈነዳ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

አንዲት ትንሽ ዕቃ ብቻዋን መነሳት ይገባታል፤ የራዲያተር ክዳን። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፍታ ላይ ነንና። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ይህን አይሠራም። «እዚያ ሙቀት ነው፣ ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» የሚል ምክር ከሰሙም አይቀበሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የውኃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል፤ ሙቀቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ

መኪናዋን በከተማ ለሁለት ሳምንት ያህል ከነዱና የሚንጠባጠብ ነገር እንደሌለ ካዩ በኋላ ማለዳ ይነሱ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዲሉ አዳማ ላይ ቆመው ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ዘይቱን፣ የጎማውን ሙቀት፣ የብሎኑን ጥብቀት ይዩ። ከዚያ መተሐራ ይመጣል። መንገዱን እየገፋ የሰፋው የበሰቃ ሐይቅ በአንድ በኩል፣ የፈንታሌ ተራራ በሌላ በኩል ይታያሉ። አካባቢው ሕያው መሬት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ መንገዱንም ሰነጣጥቋል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታና ጸጥታ ጠይቀው ይነሱ።

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ አዋሽ ይደርሳሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለልጆች ግሩም ቦታ ነው፤ ሳላ በሜዳው ላይ፣ አዞ ከፏፏቴው ሥር። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ የድሮውን ባቡር ጣቢያና ጥንታዊውን ቡፌ ዳዋሽ ይጎብኙ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዋሽ ያለ ባቡሩ ከተማ አትሆንም ነበር።

ይህ ታሪክ ለእርስዎ ፒካፕም ቅርብ ነው። በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ የነበሩ ባለሙያዎች ከውጭ የማይመጣውን ዕቃ እያበጁ፣ ከቆመው እየፈቱ ለሚሄደው እየሰጡ፣ ያረጁትን ባቡሮች ከዕድሜያቸው በላይ አስኪደዋል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የምናየው እጅ የዚያ ዓይነት እጅ ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ ያድሩ። መኪናዋም እርስዎም ታርፋላችሁ፤ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ያለውን መሬት ማየት ደግሞ ከማንኛውም ምርመራ ይበልጣል። ደረቅ ከሆነ ይቀጥሉ። ዘይት ወይም ውኃ ጠብታ ካለ ከአዋሽ መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ፓርኩን አይተው መመለስ ብቻውን ሙሉ ሽርሽር ነው።

የዳጉ አገር

ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው ወደ ሚሌና ሰመራ። በግራው ሲቀጥሉ ሜዳው ይሰፋል፤ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ገዋኔ ላይ የአያሉ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ለዱር አህያ ሲባል የተከለለው ያንጉዲ ራሳ ፓርክ ይመጣል። ግመሎች መንገዱን ያቋርጣሉ፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። እዚህ መንገድ ላይ በሌሊት አይነዳም። ልጆችም ቢለምኑ ከኋላ ጭነት ላይ አይቀመጡም።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቸኩለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ተቀምጠው የመጡበትን ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደዘነበ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ የማን ከብት እንደጠፋ፣ አገሩ ሰላም ስለመሆኑ። በዓይን ያዩትና ከሰው የሰሙት አይደባለቅም። የተሳሳተ ወሬ ያቀበለ ሰው ክብሩን ያጣል፤ በዚህ በረሃ የተሳሳተ ወሬ መንጋ ይጨርሳልና።

ለአሮጌ መኪና ባለቤት ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። የሚገዙት ዕቃ ዋጋው ያለው በታሪኩ ነው፤ ከየትኛው መኪና ወጣ፣ መኪናው ለምን ቆመ፣ ማን ፈታው፣ ማን አየው? «ጥሩ ነው ይላሉ» የሚለው ወሬ ነው። «እኔ ፈትቼዋለሁ፣ ይኸው እየው» የሚለው ዳጉ ነው።

ከሚሌ ብዙ ሳይርቅ ሐዳር አለ። በ1967 ዓ.ም. የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆም በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ ድንቅነሽም ሙሉ ሆና አልተገኘችም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተለቅመው፣ ተገጣጥመው፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የታወቀው።

ሎጊያና ሰመራ

ከአዋሽ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሎጊያ ይገባሉ። ሎጊያ የሹፌር ከተማ ናት። ጎሚስታው፣ በያጁ፣ ባሌስትራ የሚቀይረው ሁሉ መንገድ ዳር ነው፤ ሥራው በሌሊት ይደምቃል፣ ቀኑ ስለሚያቃጥል። እዚህ የሚያገኙት መካኒክ መጽሐፍ አይገልጥም፤ የጭስ ቀለም አይቶ፣ ድምፅ ሰምቶ ይነግርዎታል። ከጎኑ ሻይ ይዘው ይቀመጡና መኪናዋን ያሳዩት። የአዲስ አበባው ጥገና እዚህ ነው የሚመሰከርለት።

ከሎጊያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወዲያ ሰመራ ናት፤ ሰፋፊ መንገዶች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ መሥሪያ ቤቶች። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚህ የተዛወረ በመሆኑ ከተማዋ ገና ወጣት ናት። ጊዜ ካለዎ አሳይታን ይጨምሩ። አዋሽ ወንዝ ከከተማዋ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል፤ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ለሰላምታ ጊዜ ይስጡ።

ፈተናው መመለሻው ነው

መውረድ ፍሬን ይፈትናል፤ መውጣት ግን ሞተር ይፈትናል። ከሰመራ በሌሊቱ መጨረሻ ይነሱና ጎሕ ሲቀድ መንገድ ላይ ይሁኑ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሐል ከወጣ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሰው በዝግታ ይውጡ። ካልወረደ ጥላ ያለበት ይቁሙ። የፈላ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

ከኋላ የሚጭኑት ይህ ይሁን፦ 20 ሊትር ለመኪናዋ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ሁለት ተጠባባቂ ጎማ፣ ክሪክ፣ ተጠባባቂ ቺንጊያና የራዲያተር ቱቦ፣ የሞተርና የፍሬን ዘይት። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋልና ከሕፃናት ጋር አይመከርም።

የአዳማን ዳገት ወጥተው ቀስቱ መሐል ላይ ከቆየ «ትሸጥ ወይስ ትጠገን?» ለሚለው መልስ አገኙ ማለት ነው። ካልቆየም አግኝተዋል፤ የትኛው ዕቃ እንደዋሸዎ አሁን ያውቃሉ። ወደ ሶማሌ ተራ ሲመለሱ ምን እንደሚጠይቁ የሚያውቁ ገዢ ይሆናሉ። መልካም ጉዞ!