የልጁ ስም በማን መዝገብ ላይ ነው?



አዲስ አበባ እድር የሚለውን እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ጠሪው በየደጁ ያልፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ከቅሬው ዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶች ጓዳውን፣ ወንዶች መቃብሩን ይይዛሉ። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ክርስቲያኑ ጎረቤት ጀናዛውን ያጅባል፤ ክርስቲያን ከሆነም ሙስሊሙ እንዲሁ ያደርጋል። ለአስተዛዛኙ ሲታረድ የሙስሊሙ በሙስሊም፣ የክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፤ በሁለት ድስት ይሠራል፤ የሚበላው ግን በአንድ ድንኳን ሥር ነው። ይህን ማንም መጥቶ አላስተማረንም፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ በደሴ ከተማ የአንድ ሠፈር ቅሬ ጸሐፊ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ነው። የጸሐፊ ሥራ መዝገብ መያዝ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ከቀብር ቀረ፣ ማን ተቀጣ። መዝገቡን ባገላበጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይኸውም የሟቹን ስም ሰርዘን የባለቤቱን ስም እንተካለን እንጂ የልጆቹ ስም የሚጻፍበት አምድ የለንም። ሰደቃው ወይም ተዝካሩ ካለፈ፣ ድንኳኑም ታጥፎ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ እነዚያ ልጆች በምን ይኖራሉ? ቅሬው አይጠይቅም። ልማዱ ስላልሆነ እንጂ ክፋት ኖሮበት አይደለም።

በሌላ በኩል ስለ ልጆች የሚጠይቅ አልጠፋም። የመስጂዱ ጀመዓ የየቲሞች ዝርዝር አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤም የራሱ አለው። ቀበሌው አለው፤ ግብረ ሠናይ ድርጅቶችም አሏቸው። ሁሉም በቅን ልብ የተያዙ መዝገቦች ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ውጤቱን በአንድ መስከረም፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አየሁት። አባቷ የሞተባት ልጅ ከሦስት ወገን ሦስት የደብተር ቦርሳ ደረሳት። እዚያው ግቢ በጓሮ ባለችው ክፍል፣ እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች የምታሳድጋት እኩያዋ ምንም አላገኘችም። አባቷ አልሞተም፤ ወዴት እንደሄደ ግን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የቲም አይደለችም። እናቷ ከገጠር መጥታ ክፍል የተከራየች ናት፤ ስለዚህ የቅሬ አባል አይደለችም። በየትኛውም ዝርዝር አትገባም። የባለ ሦስት ቦርሳዋ እናት ግን አንዱን አንሥታ ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠቻት። እሷ መዝገብ አላየችም፤ ልጅቷን ነው ያየችው።

ጉዳዩን ለቅሬው ዳኛ ነገርኳቸው። እሳቸውም የመስጂዱን ኢማምና ከሰበካ ጉባኤው ቄሱን ቡና ጠርተው አገናኙን። መጀመሪያ የተነሣው ሐሳብ ሁሉም ያለውን በአንድ ሳጥን ያግባና አንድ ኮሚቴ ያከፋፍል የሚል ነበር። ለጆሮ ደስ ይላል። ኢማሙ ግን የሚሆነውንና የማይሆነውን ወዲያው ለዩልን። ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች ተለይተው የታወቁ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ዑለማ ዘንድም የዘካው ድሃ ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ገንዘብ ጋር ተደባልቆ እንደተፈለገ አይበተንም። ሰደቃ ግን ሰፊ ነው፤ ሙስሊም ላልሆነው ጎረቤትም ይደርሳል። ቄሱም በበኩላቸው «የእኛም ዐሥራት በሥርዓት ነው የሚወጣው» አሉ። ነገሩ እዚያው ላይ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሣቅ ብለው «ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ? በለቅሶ ቤትስ ድስታችን ሁለት አይደል? አንድ የምናደርገው ድንኳኑን ነው» አሉ።

ድንኳኑ እንግዲህ ዝርዝሩ ሆነ። ገንዘቡ በየሳጥኑ ቀረ፤ የልጆቹ ስም ግን በአንድ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ መዝገቡንም ቅሬው እንዲይዘው ተስማማን። ምክንያቱም የሁለቱንም ሃይማኖት ቤት፣ ደጁንም ጓሮውንም የሚያውቅ ከቅሬው ሌላ የለም። ኢማሙ ለዘካ የሚሆነውን ከዝርዝሩ ይለያሉ፤ ቄሱም እንዲሁ፤ የሰጡትንም እዚያው ያስመዘግባሉ። በመጨረሻ ማንም ያልወሰዳቸው፣ እንደዚያች የጓሮ ክፍል ልጅ ያሉት ይቀራሉ። ለእነሱ ከሰደቃውና ከቅሬው ተቀማጭ ይወጣል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን ተነጋግረናል፤ ስሙ በአደባባይ አይነበብም፤ ልጆችም ተሰልፈው ፎቶግራፍ አይነሡም። ዕቃውን ሴቶቹ አምሽተው በየቤቱ ያደርሱታል።

ሱረቱል ማዑንን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በሶላት እንቀራታለን። መጀመሪያዋ ላይ የቲምን የሚገፋ ሰው ተነሥቷል፤ መጨረሻዋ ላይ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰውን ተራ ዕቃ የሚከለክል። ስሟም የመጣው ከዚያው ነው። ድስትና ባልዲ ማዋስ ለወሎ ሰው ድሮም አልከበደውም።

ዝርዝር ምን ያህል ደካማ ነገር እንደሆነ በጦርነቱ ጊዜ አይተናል። በሐምሌና በነሐሴ 2013 ዓ.ም ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ብዙውም በነዋሪው ቤት ተጠጋ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ ገባና አስጠጊውም ተፈናቃይ ሆነ። በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ከቅሬው ድስቶች ግማሾቹ አልነበሩም። በዚያው ሰሞን የዓለም የምግብ ፕሮግራም ኮምቦልቻ ላይ መጋዘኖቹ ስለተዘረፉ በደሴና በኮምቦልቻ እህል ማከፋፈሉን አቋረጠ። በሩቅ ያለ እጅ ትልቅ ነው፤ በአንድ ቀን ግን ሊታጠፍ ይችላል። እነዚያን ሳምንታት ሰው ያለፈው ከጎረቤቱ ጋር ቆሎ ተካፍሎ ነው። ማን የማን ቅሬ ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

የመዋጮውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ፒያሳ ሱቅ ያለው ነጋዴና ደጇ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ባልቴት በየወሩ የሚከፍሉት እኩል ነው። እኩል መክፈል ክብር አለው፤ ድሃውም «እኔም ከፍያለሁ» ብሎ ቀና ይላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ወራት የተጠራቀመባት ባልቴት ከመዝገብ ስትሰረዝ ልጆቿም አብረው ይሰረዛሉ። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በአገራችን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበር። እዚያ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍንላቸዋል፤ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የሚታከሙት እንደከፋዩ ነው። የእኛም ቅሬ የጥቂት ባልቴቶችን መዋጮ በዝምታ ቢሸፍን አይደኸይም።

ስለ ወጣቶቹ ብዙ አልልም፤ ሰፊ ጉዳይ ነውና ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ደብተር የምንሰጠው ለሕፃናት ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከሁሉም ዝርዝር ይወጣሉ። የዐረብ አገር መንገድ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ በመካከላቸው የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። በ2009 ዓ.ም የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ደግሞ ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጥተው ክፍል ተከራዩ። ብትታመም ማን ይጠይቃታል? ብትሞትስ ማን ይቀብራታል? ተከራይ ናትና ቅሬ የላትም።

በእኛም ሠፈር እስካሁን ያልተቋጨው ይኸው የተከራዮች ጉዳይ ነው። ነባር አባላት «ዛሬ ገብቶ ነገ ለሚወጣ ሰው ምን ብለን እንመዝግብ?» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ለዓመታት ያጠራቀሙት ጥሪት ነው። ኢማሙ ያቀረቡት ሐሳብ ወላጁ አባል ባይሆንም ልጁ ይመዝገብ የሚል ነው፤ ቄሱም ደግፈውታል። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል። እኔ አምዱን ከወዲሁ በእርሳስ አስምሬዋለሁ።